ማንም ያልሞተበት ፊልም

መጀመሪያ የመጣው ንፋሱ ነበር። ባለፈው ክረምት ከልጄ ከሀያት ጋር ሮቢት ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ፣ የደረቀውን ወንዝ እያቋረጥን ሳለ፣ ቀዝቃዛ ንፋስ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ ፊቴን መታኝ። እኛ ጋ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጠብታ የለም። የራያ ልጅ ሆኜ ወደ ደጋው ቀና ብዬ ሳላይ አሸዋው ውስጥ መግባቴ ያኔ ታወቀኝ። ተራራው ጠቁሯል። የኛ ወንዝ እኮ በኛ ዝናብ አይሞላም።

ሩጪ አልኳት። ዳር ሳንደርስ ድምፁ መጣ፣ ብዙ የጭነት መኪና ባንድ ላይ የሚወርድ ይመስል። ከወንዙ መሀል ጉብታ አለ፣ ጉብታው ላይ አሮጌ ሾላ። እሷን ገፍቼ አወጣኋት፣ እኔ እንዴት እንደወጣሁ አላህ ያውቃል። ውሃው ጉብታውን ዋጠው። ግንድ ተሸክሞ፣ የሰው አጥር ተሸክሞ ከእግራችን ስር ያልፋል። ዛፉ ይንቀጠቀጣል።

ሀያት ገና አስራ አራት ዓመቷ ነው። ዓይኗን ዳሩ ላይ ተክላ «እማ፣ ልዝለል፣ ዋና እችላለሁ» ትለኛለች። የምታውቀው ዋና የኩሬ ነው። በሻርፔ ወገቧን ከቅርንጫፉ ጋር አሰርኳት፣ እሷ ትፈታዋለች። ዱዓ ላደርግ ስል ለቅሶ ብቻ ወጣኝ። በምን ልያዛት? ያን የናቅሁትን ፊልም ያስታወስኩት ይሄኔ ነው።

ልጅ እያለሁ ቆቦ ከገበያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በጆንያ ተጋርዷል፣ ቤቱ ላብና የተቆላ ሽምብራ ይሸታል። አክስቴ ዘሃራ ከዓረብ አገር በተመለሰች ሰሞን ይዛኝ ገባች። ፊልሙ የህንድ ሆኖ ከስሩ የዓረብኛ ጽሑፍ አለው፣ እሱን የምታነብ እሷ ብቻ ናት። ለኔ ስታንሾካሹክ የሰሙት «ጮክ በይልን እንጂ እታለም» አሏትና ለቤቱ ሙሉ ስታስተረጉም ዋለች። ፊልሙ ላይ አንድ ሰውዬ ልብስ ሰፊ የሆነች ልጅ ይወዳል። ሊያናግራት ሲል አፉ ይተሳሰርበታል፣ ስለዚህ በየቀኑ የራሱን ሸሚዝ ቀዶ ሊያሰፋ ይሄዳል። ሸሚዙ አለቀ፣ ሱሪው አለቀ፣ በመጨረሻ የቤቱን መጋረጃ አገልድሞ መጣ። ሰው በሳቅ ካግዳሚ ወደቀ። እኔ ካራቴ ጠብቄ ስለነበር አኮረፍኩ።

ስንወጣ ምን ይረባል፣ ማንም አልሞተበት አልኳት። አክስቴ ቆም ብላ፣ «ልጄ፣ ሁሉም በደህና ቤቱ የገባበት ወሬ ስንቴ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አልገባኝም። ከሦስተኛ ክፍል ትምህርቴን ተውኩ፣ ወለድኩ፣ ሀያትም በስልኳ እንዲህ ያለውን እያየች ስትንከተከት ቁም ነገር የለውም እያልኩ ስነጫነጭባት ኖርኩ።

ዛፉ ላይ ያንኑ ሰውዬ ጀመርኩላት። መጀመሪያ እናቴ አበደች ብላ ነው መሰል አፍጥጣ አየችኝ። ውሃው ሲያጓራ እንደ አክስቴ ጮክ አልኩ፣ የረሳሁትን ከራሴ ጨመርኩ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ መጋረጃው ጋ ደረስኩ።

«ከውስጥስ ምን ለብሶ ነበር?» አለችኝ።

«ቁምጣው ገና ሰፊዋ ጋ ነው» አልኳት።

ሳቀች። እጇም ቋጠሮውን ለቀቀ።

ጎርፉን ወደ ማሳቸው ሊጠልፉ አካፋ ይዘው የወጡ ገበሬዎች ከዳር አዩን። ለኛ ሞት የሆነው ለነሱ ማሽላ ነው። ውሃው ጉልበት ድረስ ሲወርድ ገመድ ተያይዘው መጡ። ከነሱ አንዱ ሽማግሌ ልጄን አዝሎ፣ «እኛ ሬሳ ልናወጣ ብለን፣ እናንተ ዛፍ ላይ ትስቃላችሁ?» አለ።

ዳር ወጥተን አሸዋው ላይ ተቀመጥን። ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የስልክ መሸጫ ሆኗል፣ ለአክስቴም አላህ ይዘንላት። ያኔ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ባንዴ ይስቅ ነበር፣ ዛሬ ልጆቻችን ጥግ ይዘው ለየብቻ ይስቃሉ። የሀያትን ስልክ ውሃው ወስዶታል። እርጥብ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ፣ ልጅቷ መጨረሻ አገባችው ወይ አለችኝ። አገባችው አልኳት።

አልሃምዱሊላህ፣ ወጥተናል። ማንም አልሞተም።