የአክስቴ ትከሻ

አክስቴ ባሕሪ ከተማ ባለችው ክፍላችን በራፍ ላይ ተቀምጣለች። ከባድ መሣሪያ በተሰማ ቁጥር ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፤ ወጥቶም አይመለስም። ልጇ ውኃ ሊቀዳ ከወጣ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።

ትከሻን መልቀቅ ያስተማረችኝ እሷ ነበረች። ልጅ ሆኜ፣ እኔን ይዛ ካፉሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቻይናዊ መሐንዲስ ቤት ትሠራ ነበር። የመሐንዲሱ አባት፣ አንድ አዛውንት፣ በየማለዳው ከግቢው የኒም ዛፍ ሥር ቆመው፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው እጃቸውን ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሳሉ። ታይቺ ይሉታል። አክስቴም ግቢ እየጠረገች አይታ አይታ ለመደችው። አንድ ጁምዓ ጠዋት፣ አዛውንቱ አጠጥተውት የገቡት አፈር እየሸተተ፣ ከፊቴ መጥታ ቆመች።

«ያላ፣ ግፊኝ!»

ጥርሴን ነክሼ ባለ በሌለ ጉልበቴ ገፋኋት። ወገቧን ዘወር ብታደርገው አልፌያት ሄጄ የገመድ አልጋው ላይ ተደፋሁ።

«አየሽ ልጄ» አለችኝ እየሳቀች፣ «ትከሻ ላይ ያለ ጉልበት ቶሎ ያልቃል። ልቀቂውና ወርዶ ከእምብርትሽ በታች ይተኛ። ሽማግሌው የውስጥ ኃይል የሚሉት እሱን ነው።» መዳፏን ሆዴ ላይ አሳረፈች፤ ይሞቃል።

አሁን ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መዳፌን ትከሻዋ ላይ ባሳርፍ እንጨት ሆኗል።

«እትዬ፣ በአላህ፣ ትንሽ ልቀቂው።»

ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

«ልጄን የያዝኩት በዚህ ነው» አለች። «እንዴት ብዬ ልልቀቀው?»