አፍ የማይጠራው የይለፍ ቃል

ስድሳ ዓመት ሙሉ በሩን ዘግቶ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር ስለ ገዛ ብቻ እንቅልፍ የሚያጣው ማንን ፈርቶ ነው? ስለ ጎረቤቴ ስለ ኤፓራማ ይህን ስጠይቅ ዓመት አለፈኝ፤ መልሱን አላገኘሁትም። የእሱን መስኮትና የእኔን መስኮት የሚለየው አንድ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ነው። ከማነበው መጽሐፍ ቀና ባልኩ ቁጥር መብራቱ በርቷል፤ ኤፓራማ ከኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ስቦ ተቀምጧል። አይሠራበትም። ይጠብቀዋል።

ኤፓራማ ዕድሜውን የጨረሰው በደሴታችን ከተማ በሌቩካ የዓሣ ፋብሪካ፣ ቆርቆሮ በሚከድን ማሽን ላይ ነው። የሰው ዓሣ ሲያሽግ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ የራሱ የሆነ የሚያሽገው ነገር ቢያምረው አይፈረድበትም። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪም እሱ ነው። መዝሙር በኮምፒውተር እንደሚጻፍ፣ ማሽኑ አራቱንም ድምፅ ለይቶ እንደሚያሰማ ከማን እንደ ሰማ እንጃ፤ ብቻ አንድ ቀን በመርከብ ዋናው ደሴት ላይ ወዳለችው ሱቫ ከተማ ሄደና ሌላ ሰው የጠገበውን ኮምፒውተር ገዝቶ መጣ።

ሻጩ ደግ ሰው ነበር፤ ከዕቃው ጋር ፍርሃቱን በነፃ ጨመረለት። «ዓለም በሙሉ ሌባ ነው፣ አባት» አለው። «አንዱ በሽቦ ይገባል፣ አንዱ በአየር ይገባል።» ስለዚህ ኤፓራማ የቫይረስ መከላከያውን ገዛ፤ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛ ጋር የሚያስሩበትን የብረት ገመድም ከነቁልፉ ገዛ። በመርከቡ ላይ ሣጥኑን እንደ ሙሽራ ታቅፎ ነው የመጣው። በሽቦ የሚገቡትን ሁሉ አሰበባቸው። በበር የሚገቡትን ግን ረሳቸው።

በእኛ ሰፈር ሌባ የለም። ዘመድ እያለ ሌባ ምን ይሠራል? አንድ ዘመድ መጥቶ ከደጃፍ ቁጭ ይልና «ኬሬኬሬ» ይላል። ቃሉ «እባክህ» ነው ቢሏችሁ አትመኑ። «እባክህ» እምቢ ሊባል ይችላል። ኬሬኬሬ የተባለ ሰው ግን መጥረቢያውንም፣ ጀልባውንም፣ አዲሱን ሸሚዙንም ፈገግ ብሎ ይሰጣል፤ ሲመሽ ተራውን ሌላ ዘመድ ዘንድ ሄዶ ኬሬኬሬ ይላል። እንዲህ እየተዟዟረ ሁላችንም እኩል ምንም የለንም።

ኮምፒውተሩ በገባ በሳምንቱ የአክስቱ ልጅ ኢኖኬ ሦስት ጎረምሶች አስከትሎ መጣ። ኢኖኬ በመዘምራኑ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ፣ አፉም ከድምፁ የማያንስ ሰው ነው። የአክስት ልጅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ለመሳደብ ፈቃድ ያለው ዘመድ ነው።

«አንተ የሣርዲን ቆርቆሮ፣ ኬሬኬሬ፤ ጠረጴዛህን ለሠርግ።»

«ውሰድ» አለ ኤፓራማ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ጠረጴዛው ላይ የታሰረውን ያስታወሰው። የገመዱን ቁልፍ ሌባ እንዳያገኘው አስተማማኝ ቦታ ደብቆት ነበር፤ ቦታው እጅግ አስተማማኝ ከመሆኑ የተነሣ እሱም አላገኘውም።

«እኔ የጠየቅሁት ጠረጴዛ ነው» አለ ኢኖኬ፣ አንዱን ጫፍ እያነሣ። «ኮምፒውተርህን ማን ፈለገው? እሱ ራሱ ነው የሚከተለን።»

ኮምፒውተሩ እንደ ታሰረ ሠርግ ሄደ። ከተጠበሰ አሳማና ከባለ ፎቁ ኬክ መካከል ተቀምጦ ሁለት ቀን ሰነበተ። ሽማግሌዎች ከሥራሥር የሚጨመቀውን ካቫቸውን እየጠጡ «ይህ ደግሞ የሙሽራዋ ጥሎሽ ነው?» አሉ። ሲመለስ የፊደል ቁልፎቹ መሃል ስኳር ገብቶ ነበር፤ ጉንዳኖችም ተከትለውት መጡ። መከላከያው ለጉንዳን አይሠራም።

ከዚያ በኋላ ኤፓራማ ፊቱን ወደ ይለፍ ቃል አዞረ። መጀመሪያ የተወለደበትን ዓመት አደረገ፤ የሰፈሩ ልጆች የልደቱን ኬክ የበሉ ናቸውና በአንድ ከሰዓት ከፈቱት። ቀጥሎ ረጅምና ድብልቅልቅ ያለ ቃል ፈጠረ። ኢኖኬ መጣና ካቫውን ጨለጠና «የአጎቴ ልጅ፣ ኬሬኬሬ፤ የይለፍ ቃልህን» አለው። ምን ያድርግ? ነገረው። በማግስቱ ቤቱ ራግቢ በሚያዩ ዘመዶች ተሞላ።

የሚያስፈራው ግን ራግቢው አልነበረም። ኤፓራማ ለዓመታዊው የመዘምራን ውድድር የራሱን መዝሙር ደርሶ ነበር፤ በሕይወቱ የመጀመሪያውን። የመጨረሻውን ስንኝ ለመዘምራኑ እንኳ አላሳየም። ከባሕሩ ማዶ ያለው የናቱሊ መንደር መዘምራን የጨዋታ ጠላቶቻችን ናቸው፤ ከእኛ ቤት ያገኙትን ሳይጠይቁ የመውሰድ መብት ከአያት ቅድመ አያት አላቸው። ኤፓራማ «መዝሙሬን ይወስዱታል» ብሎ ሰጋ። ስለዚህ ፍለጋው የማይገመት ቃል ለማግኘት አልነበረም፤ ተጠይቆ ቢፈልግ እንኳ ሊሰጠው የማይችል ቃል ነበር የሚፈልገው።

አገኘው። የአማቱን ስም አደረገው።

ይህን የማይረዳ ሰው አማት የለውም ማለት ነው። በእኛ ዘንድ አማችና አማት አይነጋገሩም፣ ፊት ለፊት አይተያዩም፣ አማች የአማቱን ስም በአፉ አያነሣም። የሚስቱ የአኮሲታ እናት ደግሞ እዚያው ቤት ነው የሚኖሩት። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ጀርባና ጀርባ ሆነው፣ በአኮሲታ በኩል ሲነጋገሩ ኖረዋል።

«አኮሲታ፣ ሾርባው ጨው አንሶት እንደሆነ ያን ሰውዬ ጠይቂው» ይላሉ አሮጊቷ።

«አኮሲታ፣ ሾርባው ደህና ነው ብለሽ ለእናትሽ ንገሪያቸው» ይላል እሱ።

አንዳንዴ አኮሲታ ገበያ ሄዳ ሁሉ በእሷ በኩል ይነጋገራሉ።

ኬሬኬሬን ሊያሸንፍ የሚችለው ነውር ብቻ ነው። ኤፓራማ ይህን ብልሃት በማግኘቱ ምን ያህል እንደ ኮራ ያየሁት በመስኮቱ ነው፤ ብቻውን ይስቅ ነበር። በዚያው ስሜት አንዲት ጥበቃ ጨመረ፦ አምስት ጊዜ የተሳሳተ ቃል ከተመታ ኮምፒውተሩ በውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንዲዘጋ አዘዘው። ሌባ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ታየው።

ውድድሩ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት፣ ከዋናው ደሴት የመጡ የዓይን ሐኪሞች ሆስፒታላችን ደረሱ። ኤፓራማ ወረፋ ከያዘ ቆይቷል። የሚሻለውን ዓይኑን ሞራ ገፈፉለትና በጨርቅ ሸፈኑት፤ «እስከ ሰኞ እንዳትነካው» አሉት። የቀረው ዓይን ደግሞ ሰውን ከዛፍ የሚለየው ሰውየው ሲስል ብቻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ኢኖኬ የመጨረሻውን ስንኝ ሊወስድ መጣ። በር ስለማይዘጋ እኔም ገብቼ ነበር። ኤፓራማ የራሱን ድምፅ በቃሉ ያውቀዋል፤ የሌሎቹን ሦስት ድምፆች የሚያውቀው ማሽኑ ነው። ስንኙ ካልወጣ መዝሙሩ ራስ እንጂ እግር የለውም። በዳበሳ ሁለት ጊዜ ሞከረ። ሁለቴም ተሳሳተ።

«ሦስት ቀረህ» አለ ኢኖኬ። «እንግዲህ ንገራትና አኮሲታ ትምታው።»

«አልችልም።»

«ኬሬኬሬ።»

«አልችልም አልኩህ እኮ!»

በሰፈራችን ታሪክ ኬሬኬሬ እምቢ ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ልትመታ ቀርባ የነበረችው አኮሲታ እጇን ከፊደል ቁልፎቹ አነሣች። «ለምን አትችልም? የሰው ስም ነው?»

«ነው።»

«የወንድ ነው የሴት?»

«የሴት።»

«አሃ!» አለ ኢኖኬ፣ ወለሉ ላይ እየተመቻቸ። «ካቫ አምጡ፣ ይህ ነገር ረጅም ነው።»

«አውቃታለሁ?» አለች አኮሲታ።

«በደንብ።»

«ትበልጠኛለች?»

«በዕድሜ... አዎ።»

«አንተ ዕውር አሮጌ ዶሮ» አለ ኢኖኬ እንባው እስኪፈስ እየሳቀ፤ «ወጣት ብታጣ እንኳ እኩያህን አታጣም ነበር!»

አኮሲታ ተነሣች። ምን ልታነሣ እንደ ነበር አላውቅም፤ ወጥ ቤት በኩል ነበር የሄደችው። ይህን ጊዜ ከበሩ ሥር፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ምንጣፍ የሚሠሩት አሮጊት ድምፅ አሰሙ።

«አኮሲታ፣ ጅል አትሁኚ። ያ ሰውዬ አፉ ሊጠራት የማይችል ሴት በዚህ ቤት ከኔ በቀር ማን አለች?»

የኤፓራማ ጆሮ ሲቀላ ከጨርቁ ጎን ታየ። አኮሲታ ቀስ ብላ ተመለሰች፣ እናቷን አየች፣ ባሏን አየች፤ ከዚያ ቁጭ አለችና የእናቷን ስም፣ ሳላኒዬታ ብላ መታች።

ኮምፒውተሩ አልተከፈተም።

«እንዴት ነው የጻፍከው?» አለች በቁጣ።

«እንደ ሰማሁት።»

«መቼ ሰማኸው?»

«በሠርጋችን ቀን። ፓስተሩ አንዴ ጠሩት... አፋቸው ውስጥ ካሳቫ የያዙ ይመስላል።»

«አኮሲታ» አሉ አሮጊቷ ምንጣፋቸውን ጥለው፣ «ሠላሳ ዓመት ያበሰልኩትን ሲበላ የኖረ ሰው ስሜን አያውቅም ማለት ነው? ጠይቂው!»

ኢኖኬ፣ ሳይጠየቅ መርዳት የሚወድ ሰው በመሆኑ፣ ዘሎ «እኔ ልሞክር፣ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ አንዱን መታ። አልነበረም። አንድ ብቻ ቀረ። ኢኖኬ ጣቱን የሰው ጣት ይመስል አየውና ኪሱ ውስጥ ደበቀው።

ከዚያ ማንም አልቀለደም። ኤፓራማ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ የጠበቀው ስንኝ በአንዲት ቃል ተንጠልጥሏል፤ ቃሏን ቢናገር ነውር፣ ዝም ቢል ጥፋት። ሌባ እንዳይገባ ያጠረው አጥር ውስጥ ራሱን አጥሯል። በሽቦና በአየር የሚመጡት ሌቦች፣ የትም ይሁኑ የት፣ እንዲህ ያለ ጉዳት አድርሰውበት አያውቁም።

«አኮሲታ» አሉ አሮጊቷ ረጋ ብለው። «ያ ሰውዬ ዓይኑ ታስሯል አይደል?»

«ታስሯል፣ እማዬ።»

«ነውሩ ፊት ለፊት መተያየት ነው። ለማያይ ሰው ደግሞ ፊት የለኝም። ዛሬ ብቻ ይጥራኝ ብለሽ ንገሪው።»

እንዲህ ያለ ሕግ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ አሮጊቷም የሰሙ አይመስለኝም። ግን ማን ይከራከራቸዋል? ኤፓራማ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ዓይኑ መታሰሩ ያልበቃው ይመስል። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት በውስጡ የያዘውን ቃል፣ እንደ መዝሙር መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ አወጣው።

«ሳላኔታ።»

አኮሲታ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች መታችው። ኮምፒውተሩ ተከፈተ።

አሮጊቷ ምንጣፋቸውን መልሰው አነሡ። «አኮሲታ፣ ሳላኔታ የሚሏት ሴት ማን እንደ ሆነች ያን ሰውዬ ጠይቂው። ካሳቫ መላጥ ትችል እንደሆነ ትምጣና ትርዳኝ።» ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ከጀርባቸው።

በማግስቱ የይለፍ ቃሉን ሌቩካ በሙሉ ያውቀው ነበር። ልጆቹ ጨዋታቸውን ጭነው ሲጫወቱ ዋሉ፤ አንዱ ዘመድ ፊልም ይዞ መጣ፤ ከፊልሙ ጋር የመጣውን ቫይረስ መከላከያው በክብር ተቀበለው። ኤፓራማ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሁሉን ይሰማል። አዲስ ቃል እንዳይፈጥር፣ አፉ የማይጠራው ሌላ የዘመድ ስም አልቀረውም።

እሑድ ጠዋት መዘምራኑ ቆሙ። ኤፓራማ ዓይኑን እንደ ታሰረ መራቸው። ስለ መጨረሻው ስንኝ የምቀልደው ነገር የለኝም፤ ያምር ነበር። ከመዘምራኑ ኋላ የናቱሊዎቹን መሪ ሰማሁት፤ ኢኖኬ ጠጋ ብሎ «ሊሰርቁን ነው ብሎ ዓመት ሙሉ አልተኛም እኮ» ሲለው፣ ሰውየው ከልቡ ተገርሞ «የናንተን? ማን ይሰርቀዋል?» አለ።

ሦስተኛ ወጣን። ተወዳዳሪዎቹም ሦስት ነበርን። ኤፓራማ ግን ውጤቱን አልሰማም። ከመዝሙሩ በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ፓስተሩ ስብከታቸውን ሲጀምሩ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ከዚያ ማንኮራፋቱ ተሰማ፤ እንደ ፋብሪካው ማሽን፣ እኩል እኩል። አኮሲታ በክርኗ ልትጎሽመው እጇን አነሣች። ከኋላዋ ያለው አግዳሚ ላይ አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ በሹክሹክታ፣

«አኮሲታ፣ ያን ሰውዬ ተዪው» አሉ።

ኤፓራማን ከዓመት በኋላ እንቅልፍ የወሰደው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር።