የዕርቁ ጉርሻ

አሳየች የባሏ ታናሽ ወንድም ቀጀላ ጉርሻውን ሲጠቀልል እጁን አልወደደችውም። ወንድማማቾቹ አባታቸው እንጦጦ ላይ ተክሎ በተወላቸው ባሕር ዛፍ ውርስ ለዓመታት ተኮራርፈው ከርመው፣ በ1979 የጥር ሚካኤል ማግስት ሽማግሌ አስታረቃቸው። የዕርቅ ጉርሻ አይመለስምና ባሏ ዋቅጅራ አፉን ከፍቶ ተቀበለ። እሷ ግን፣ «ምን ሊደብቅበት ነው እንዲህ አሳምሮ የሚጠቀልለው?» አለች በልቧ።

በማግስቱ ዋቅጅራ ሆዱን ይዞ ተጎነበሰ።

«አበላህ» አለችው።

«ወንድሜ እኮ ነው።»

«ቃየንስ የማን ወንድም ነበር?»

ሳታመነታ ወደ ቀበሌ ወረደች። አብዮት ጠባቂዎች ቀጀላን እንጨት ሲፈልጥ አግኝተው ወሰዱት። ዋቅጅራን ደግሞ መርዙ እንዲወጣለት የካ ሚካኤል ጠበል ወሰደችው። ጠጣ፤ አረንጓዴ አስመለሰ። ጎንበስ ብላ ትውከቱን መረመረች፤ የጠረጠረችውን ግን አላገኘችም። ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ በትኩሳት መቃዠት ሲጀምር፣ ጎረቤቶች በአልጋ ተሸክመው እስከ አስፋልት አወረዱት፤ ከዚያ በታክሲ ሐኪም ቤት ደረሰ።

«መርዝ በልቶ ነው» አለች ለሐኪሙ።

ሐኪሙ ሆዱን ነካ አድርጎ ፊቱን ቋጠረ። «ከዚህ በፊት ምን ታመው ያውቃሉ?»

«የወፍ በሽታ ብቻ። እሱ ድኗል።»

ባለፈው ክረምት የዋቅጅራ ዓይን እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። ከውጭ የመጡ ሐኪም በአፉ መሣሪያ አስገብተው፣ በተዘጋው የሐሞት መውረጃ ውስጥ ከእርሳስ የቀጠነ የፕላስቲክ ቱቦ አኖሩለት። ከሦስት ወር በኋላ ይምጣ፣ እናወጣዋለን ብለው ነበር። ዓይኑ ሲጠራ ግን ቱቦውም ከበሽታው ጋር የሄደ መሰላቸው። ለዳነ ሰው ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል?

ይህን ስትነግረው ሐኪሙ ራጅ አዘዘ። ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ አንዲት ነጭ መስመር አሳያት። «ከቦታው ተንሸራቶ ወርዷል። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ የእሳቸው ግን አንጀት ላይ ተሰንቅሮ በስቶታል። እምብዛም አያጋጥምም።»

አሳየች ፊልሙን አፍጥጣ አየችው። «ይህ የማን ሆድ ነው?»

«የባለቤትዎ ነዋ።»

አላመነችም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ግን ነርሷ ቱቦውን በሳህን ይዛ መጣች፤ ጠቁሮ፣ ሐሞት ለብሶ። አሳየች ተገረመች። ሰውየው ይህን በሆዱ ይዞ ዳገት ወጥቷል፣ ዛፍ ቆርጧል፣ በዓል አክብሮ ጨፍሯል! ወዲያው ቀጀላ ትዝ አላትና ወደ ቀበሌ ሮጠች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረማርያም ተጠራጥሮ አያት። «በቀደም እሰሩልኝ፣ ዛሬ ፍቱልኝ? ማን አስፈራራሽ?»

«ማንም። ቱቦ ነው።»

«የምን ቱቦ?»

ብታስረዳውም አልገባውም። ሐኪም ቤቱን የሚጠይቅ ጠባቂ ልኮ፣ ቀጀላን የፈታው በማግስቱ ነው። ቀጀላ ጺሙ አድጎ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ወጣ። ሰላም አላላትም። መገናኛ ሲደርሱ ግን፣

«እትዬ አሳየች፣ ቱቦውንም ቀጀላ ነው ያጎረሰው እንዳትዪ ደግሞ» አላት።

ቀድማው ወደ ሐኪም ቤቱ መራችው።

ዋቅጅራ ነቅቶ ነበር። ወንድሙን ሲያይ ፊቱን አጠቆረ። «ስሞት የት ነበርክ? ዕርቁ ከአፍ ነው እንዴ?»

ቀጀላ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ሥራ በዝቶብኝ።»

አሳየች ጠበቀች። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልፍላት ይችል ነበር፤ የዋቅጅራ ዓይን ግን ወንድሙን አልለቅ አለ። ያንን የጥርጣሬ አስተያየት ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው።

«ውሸቱን ነው» አለች። «መርዝ አበላህ ብዬ ያሳሰርኩት እኔ ነኝ።»

ዋቅጅራ አንዴ እሷን አንዴ ወንድሙን አየ። ሳቅ አምልጦት የተሰፋው ሆዱ አስጮኸው። ቀጀላ ደግፎ ትራሱን አስተካከለለት፤ እሱ ግን አልሳቀም።