ጠብሼ የበላሁት ዥጉርጉር በቆሎ

ዛሬ አዳማ ላይ፣ በእርሻ ተመራማሪዎች ጉባኤ፣ በተሰብሳቢው ሁሉ ፊት፣ «የአንተስ በቆሎ የት አለ?» ተብዬ ተጠየቅኩ።

«በላሁት» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ክረምት አዳሚ ቱሉ ካለው የሙከራ ማሳችን ከአንድ አገዳ ሁለት እሸት ቆረጥኩ። ፍሬው ነጭ ሆኖ ሐምራዊ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት ዥጉርጉር ነው። «ዘር ተደባልቋል» ብዬ አንዱን ለሥራ ባልደረባዬ ለጫልቱ ሰጠኋት፤ የራሴን ጠበስኩ።

እሷ አልጠበሰችም። አድርቃ ዘራችው።

ዛሬ መድረክ ላይ ወጥታ አስረዳች። በበቆሎው ዲኤንኤ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘል ቁራጭ አለ። ቀለም የሚሰጠው ጂን ውስጥ ዘሎ ሲገባ ፍሬው ነጭ ይሆናል። ፍሬው እያደገ ሳለ ከአንዳንድ ሴሎች ዘሎ ሲወጣ ደግሞ እዚያችው ቦታ ላይ ቀለሙ ይመለሳል። ነጠብጣቡ ይኸው ነው።

ጭብጨባው አይነሳ! አለቃችን ብድግ ብለው አጨበጨቡላት። እኔ ሪፖርት ሳቀርብ ስልካቸውን ነበር የሚነካኩት።

ይባስ ብላ «በቆሎውን የሰጠኝ እሱ ነው፣ እሱም አንድ ነበረው» ብላ ጠቆመችኝ። ያ ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አዎ፣ ቀንቻለሁ። ፌስቡክ ላይ በለጠፈችው ፎቶዋ ስር «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ ሦስት ልብ አስቀምጫለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ።

እናንተስ እጃችሁ የገባ ዕድል ጠብሳችሁ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝና ልጽናና።

የእኔው እንኳ አሮብኝ ነበር።