ስሙ ይስተካከል

እንደሻው የአሰላ ልጅ ነው። ለዓመታት የሠርግ ድምፅ ማጉያ ሲያከራይ ኖሮ አሁን ድራማ ለሚሠሩ ሰዎች ድምፅ ይቀዳል። የዛሬው ዳይሬክተር የአርሲ ብርድ አይስማማኝም ብሎ አሰላ ሆቴል ውስጥ ተጠቅልሎ ቀርቷል። እንደሻው ከኢተያ የስንዴ ማሳ ድምፁን በስልኩ፣ በኢንተርኔት ቀጥታ ይልክለታል። ጥቂት ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ትእዛዙም በእንደሻው ጆሮ ማዳመጫ ይመጣል።

የዕለቱ ቀረጻ ለቅሶ ነበር። ሙሾ የሚያወርዱት እንደሻው ራሱ ለምኖ ያመጣቸው ወይዘሮ አሰፋች ናቸው። የድራማው ሟች ሣህሌ ይባላል። "ሣህሌ፣ ሣህሌ ልጄ" ብለው ጀመሩ፤ ደረታቸውን በመቱ ቁጥር ልብሳቸው ላይ የተሰካው ማይክ ይንኳኳል። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና "አስናቀ፣ የኔ ጌታ" አሉ። አስናቀ ዓምና የቀበሩት ልጃቸው ነው። ለቀስተኛ መስለው የተቀመጡት ጎረቤቶች ማስመሰሉን ትተው ከልባቸው አለቀሱ።

ዳይሬክተሩ በስልኩ ተናገረ። "ግሩም ነው። ስሙን ግን ተሳስተዋል፤ ይደገም።"

እንደሻው ሄዶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። "እማማ፣ ስሙ..." አለ። "ሣህሌ ነበር መባል ያለበት።"

ሴትዮዋ በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉ።

"እኔስ ማንን ጠራሁ ልጄ?"

እንደሻው ማይኩን መዝጋት ነበረበት፤ አልዘጋውም። ጥያቄያቸው አሰላ እስኪደርስ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ የዳይሬክተሩ ድምፅ በደስታ ተመለሰ።

"ይቺ ጥያቄ ልብ ትነካለች። ሲደገም እሷንም ይበሉልኝ።"