ውሃው ከላይ ነው

ሉማሜ መግቢያ ላይ አውቶቡሳችንን አስቆሙና ፈታሾች ገቡ። እኔ የሥዕል አስተማሪ ነኝ፤ ወደ ትምህርት ቤታችን የምወስደውን፣ ክረምቱ እንዳያረጥብብኝ በላስቲክ የጠቀለልኩትን ትልቅ ወረቀት ታቅፌ ተቀምጫለሁ። አንዱ ወታደር ገለጠው፣ ትንሽ አየውና ውጭ የቆመውን አለቃውን ጠራ። ወረቀቱ ላይ ያለው የጥንት ሮማውያን ከተራራ ወደ ከተማ ውሃ ያሻገሩበት የድንጋይ ግንብ ነው፤ ቅስት በቅስት ላይ የተደረደረበት፣ መሐሉ የፈረሰ፣ በእርሳስ የሣልኩት። እነሱ ያዩት ግን የዓባይን ድልድይ ነው። ያውም ፈርሶ።

ምርጫው አልፎ አገሩ የታመሰበት ክረምት ነበር። በዚያ ሰሞን የፈረሰ ድልድይ ይዞ ወደ ዓባይ በሚወስደው መንገድ መገኘት ቀልድ አልነበረም።

ደብረ ማርቆስ መልሰው ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ ጥጋጥጉ የነቀዘ ገብስ ይሸታል። መስኮት የለውም። ጣሪያው ያፈሳል፤ በእስረኛው ደንብ አዲስ ገቢ የሚተኛው ፍሳሹ ሥር ስለሆነ እኔም እዚያው ተዘረጋሁ። አጠገቤ ከደብረ ኤልያስ በኩል የመጡ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ደረቁ ቦታ ከደረሳቸው ቆይቷል፤ ለሚያስል ሰው ለቀውለት ነው እርጥቡ ላይ የቀሩት።

መርማሪዬ ወጣት ነው፣ አይጮህም። "መምህር፣ ለምን አፈረስከው?" አለኝ። ከእኔ በፊት የፈረሰ መሆኑን፣ ያለውም ባሕር ማዶ መሆኑን፣ ከመጽሐፍ አይቼ እንደሣልኩት አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። መጽሐፉን ካሳየሁት የዚያኑ ዕለት ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ።

መጽሐፉ አብራኝ የምታስተምር የታሪክ አስተማሪ ንብረት ነው፤ ሥዕሉንም ለክፍሏ ያሣለችኝ እሷ ናት። በምርጫው ለተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆና ስለነበር ቤቷን ለመፈተሽ ሰበብ ብቻ ነበር የጠፋቸው። ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። ቤቷን ብጠቁም እኔ ወጥቼ እሷ ትገባለች፤ ባልጠቁም ድልድይ አፍራሽ ነኝ። የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ አልኩ። ፈገግ ብሎ ወደ እስር ክፍሉ መለሰኝ። በሌላውም ቀን፣ በሌላውም፣ ጥያቄው ያው መጽሐፍ ሆነ። ክፍሉ በየቀኑ የሚጠብ ይመስለኝ ጀመር።

የኔታ ምን ሣልክ ቢሉኝ ወለሉ ላይ በተጠራቀመው ጭቃ በጣቴ አሳየኋቸው። እሳቸውም አገር የመስኖ ቦይ ገደል ሲገጥመው በተቦረቦረ ግንድ እንደሚያሻግሩት አጫወቱኝ። "በል አገሬውን ሁሉ ለቅመው ይሰሩት" ብለው ሳቁ። ያን ጊዜ የሆዴን ልዘረግፍላቸው ፈለግሁ፤ ብቻዬን መያዙ ከብዶኛል። አፌን እንደከፈትኩ እጃቸውን አነሱ።

"መጽሐፉ የት እንዳለ ለእኔም እንዳትነግረኝ፣ ልጄ። ሲመቱኝ እንዴት እንደምሆን አላውቅም።"

በመጨረሻ መርማሪው ሥዕሌን ራሱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እስኪርቢቶም ሰጠኝ። ከሥሩ ወንዙን እንድሥል፣ ስሙንም እንድጽፍበት አዘዘኝ። ማን እንዳሣለኝ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን አለ።

መጀመሪያ የፈረሰውን መሐሉን ሞላሁት። ቀጥዬ ከላይ፣ በግንቡ አናት ባለው ቦይ ውስጥ፣ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር ሰደድኩት። ከሥሩ ደረቅ ሣር አደረግሁና ሁለት ፍየሎች አሰማራሁ።

"ወንዙስ?" አለ።

"ውሃው ከላይ ነው" አልኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልተርከው እመርጣለሁ። ሲመልሱኝ የኔታ ጋቢያቸውን አንጥፈው ጠበቁኝ፤ ምንም አልጠየቁኝም። ዝናቡ ሲያቆም ያለ ክስ እንደያዙኝ ያለ ክስ ለቀቁኝ። እሳቸው እዚያው ቀሩ። ቆይተው መፈታታቸውን ሰምቻለሁ፤ አግኝቻቸው ግን አላውቅም።

ለአስተማሪዋ ነገሩን የነገርኳት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን።

"መጽሐፉን እኮ አንተ የተያዝክ ዕለት አቃጥየዋለሁ" አለችኝ። "በአንተ ላይ ማስረጃ ይሆናል ብዬ።"

ለካ ስጠብቅ የከረምኩት አመድ ነው። ተናደድኩ፤ ለመደበቅ ብሞክርም ፊቴ ላይ ሳታየው አልቀረችም። ያ ጡት ይጠባ የነበረው ልጇ ደብተሩን በብብቱ ይዞ በበሩ ሲገባ ግን ንዴቴ በረደ፤ እንኳንም ዝም አልኩ አልኩ በልቤ።

ስንለያይ ሥዕሉን ለክፍሏ ድጋሚ እንድሥልላት ጠየቀችኝ። መጽሐፍ ስለሌለ በቃሌ ሣልኩት፣ ውሃው ከላይ እየሄደ። ተማሪዎቿ "ፍርስራሽ ነው ብለሽን፣ ይኼ ደህና ነው እኮ!" ብለው እንደተሟገቷት ነገረችኝ። ይሟገቷት። እኔ ሁለተኛ አፍርሼ አልሥለውም።