ባለቤት የሌለው እጅ

የማኅበራችን አዳራሽ በተመረቀበት ቀን የተነሳ ፎቶ ላይ ዛሬ ባለቤት የሌለው እጅ አገኘሁ።

የማኅበሩን ታሪክ እንድጽፍ ስለተመረጥኩ የድሮ ፎቶዎች ስካን እያደረግኩ ነበር። እጁ የሊቀመንበራችን የጋሽ ታፈሰ ትከሻ ላይ አርፏል፤ ባለእጁ ግን በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ይሄ እጅ የማን ነው?»

«የእኔው ነዋ!»

ፎቶው ላይ በአንድ እጃቸው መቀስ፣ በሌላው የምረቃውን ሪባን ይዘዋል። ሦስተኛ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

«አንቺ ዝም ብለሽ የሰጠንሽን ስም ጻፊ» አሉኝ።

ሮማውያን የጠሉትን ንጉሥ ስም ከድንጋይ ላይ ይፍቁ፣ ፊቱንም ከሥዕል ያጠፉ እንደነበር ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። የፋቁት ቦታ ግን እስከ ዛሬ ይታያል።

ሶ፣ የሰውየውን ስም ሳላገኝ ጽሑፉን አላስረክብም።

እናንተስ እንዲህ የተቆረጠ ፎቶ ገጥሟችሁ ያውቃል? የዚህኛው ያልተቆረጠ ቅጂ ቤቱ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ኢንቦክስ ያድርግልኝ።